ኮይሎቨር ወይስ አጭር ሞላ? ለስፖርት ኩፔ የቀረቡት አማራጮች ሲመዘኑ

ስፖርት ኩፔ የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ የሚያርፈው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ፋብሪካው መኪናውን ሲያወጣ ሙሉ ጭነትን፣ የተበላሸ መንገድን፣ ሌላው ቀርቶ ለበረዶ ጎማ ላይ የሚታሰረውን ሰንሰለት ሳይቀር አስቦ ቦታ ስለሚተው፣ ክፍተቱ ሁልጊዜም ባለቤቱ ከሚወደው ይሰፋል። ይህን ክፍተት ለማጥበብና በዚያውም የመኪናውን አያያዝ በመታጠፊያ ላይ ለማሻሻል ገበያው በዋናነት ሁለት አማራጭ ያቀርባል። አንደኛው የፋብሪካውን ሾክ አብዞርበር እንዳለ ትቶ ሞላውን ብቻ አጠር ባለና ጠንከር ባለ ሞላ መቀየር ነው፤ ሁለተኛው ሞላውንም ሾኩንም አንድ ላይ አውጥቶ ከፍታው በክር በሚስተካከል ኮይሎቨር መተካት ነው።

ለዚህ ግምገማ ማሳያ አድርጌ የያዝኩት ቶዮታ 86ን እና መንትያውን ሱባሩ ቢአርዜድን ነው። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በገበያ ላይ ስላሉ ለእነሱ ሞላ ወይም ሾክ ያልሠራ ታዋቂ አምራች ማግኘት ያስቸግራል። ከፊት ማክፈርሰን ስትራት (ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው ጎማውን ከላይ የሚይዙበት አሠራር)፣ ከኋላ ደግሞ ድርብ ክንድ (ጎማው ከላይና ከታች በክንዶች የሚያዝበት) ስላላቸው የሁለቱንም አሠራር ጠባይ በአንድ መኪና ላይ ማየት ይቻላል። ክብደታቸው 1,250 ኪሎግራም ገደማ ሲሆን፣ የክብደት ማዕከላቸው ከመሬት 460 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ቶዮታ አስታውቋል።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር መኪናን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመገመት ይረዳል። መኪናው በ25 ሚሊሜትር ዝቅ ቢል የክብደት ማዕከሉ የሚወርደው በ5 በመቶ ገደማ ነው፤ በመታጠፊያ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው የሚዛወረው ክብደትም የሚቀንሰው በዚያው ልክ ነው። ጥቅም የለውም አይባልም፤ ነገር ግን ሰው ሞላ ከቀየረ በኋላ «መኪናው ተለወጠ» ሲል የሚሰማው ለውጥ አብዛኛው የመጣው ከከፍታው ሳይሆን ከሞላው ጥንካሬ ነው። ሞላው ሲጠነክር ደግሞ ጥያቄው ወደ ሾኩ ይዞራል። ሁለቱ አማራጮች መለካት ያለባቸው በዋጋቸው ወይም በሚያወርዱት ሚሊሜትር ሳይሆን፣ አዲሱን ሞላ የሚቆጣጠረው ሾክ የትኛው ነው በሚለው ነው ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው።

ሞላ ክብደት ይሸከማል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ያጠራቀመውን ጉልበት ግን መልሶ ይሰጣል እንጂ አያጠፋውም። ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያጠፋው ሾኩ ነው። ሾክ የሌለው መኪና አንድ ጉብታ ካለፈ በኋላ እንደ ጀልባ ሲወዛወዝ ይቆያል። አንድ ማዕዘን ላይ ከሞላው በላይ የተቀመጠው ክብደት 300 ኪሎግራም ነው እንበልና፣ በፊተኛው ስትራት ላይ ለአንድ ሚሊሜትር 3 ኪሎግራም የሚጠይቅ ሞላ ቢገጠም አካሉ በሴኮንድ 1.5 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ ሞላው 6 ኪሎግራም የሚጠይቅ ቢሆን ደግሞ 2.1 ጊዜ ገደማ። የመጀመሪያው ሰው ተቀምጦበት ረጅም መንገድ የሚሄድበት የስፖርት መኪና ጠባይ ነው። ሁለተኛው በሩጫ ሜዳ ደስ የሚያሰኝ፣ በሻካራ አስፋልት ላይ ግን ተሳፋሪን የሚያማርር ነው። ብዙዎቹ ለዚህ መኪና የሚሸጡ የጎዳናና የሜዳ ኮይሎቨሮች ወደ ሁለተኛው የሚያዘነብሉ ሲሆን፣ አጭር ሞላዎች ግን ከመጀመሪያው እምብዛም አይርቁም።

ሞላው በጠነከረ ቁጥር ሾኩም መጠንከር አለበት፤ ሆኖም የሚጠይቀው ጭማሪ እኩል አይደለም። ተመሳሳይ የመቆጣጠር ደረጃ ለማግኘት የሾኩ ኃይል የሚያድገው በሞላው ጥንካሬ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ሞላው በ25 በመቶ ቢጠነክር ሾኩ 12 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይበቃዋል፤ ሞላው እጥፍ ቢሆን ግን 41 በመቶ ይጠይቃል። ጥሩ አምራች የሠራው አጭር ሞላ ከፋብሪካው ሾክ ጋር አብሮ ሲገጠም እንደሚፈራው የማያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጭማሪው ጤነኛ ሾክ ሊሸከመው በሚችለው ልክ ውስጥ ይወድቃል። ጤነኛ የሚለውን ቃል ግን ማስመር ይገባል። ብዙ ሺህ ኪሎሜትር የሄደና ኃይሉን በከፊል ያጣ ሾክ ላይ አዲስ ጠንካራ ሞላ መጫን፣ ቀድሞውኑ ለአሮጌው ሞላ ያነሰውን ሾክ ይበልጥ ማሳነስ ነው። መኪናው ለጥቂት ሳምንታት አሪፍ ይመስላል፤ ከዚያ በድልድይ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ መንሳፈፍ ይጀምራል።

ከዚህ ይበልጥ ችላ የሚባለው ግን የቀረው የጉዞ ርቀት ነው። ሾኩ ወደ ላይ ተጨምቆ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ዘንጉ ላይ የተሰካ መግቻ ላስቲክ አለ። የፋብሪካው ከፍታ ከዚህ ላስቲክ በፊት ለጎማው 70 ሚሊሜትር የመነሻ ርቀት ይተዋል ብለን እናስብ። የሾኩን አካል ሳናሳጥር መኪናውን በ30 ሚሊሜትር ዝቅ ካደረግን የሚቀረው 40 ነው። ሞላ የሚያጠራቅመው ጉልበት በተጨመቀበት ርቀት ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ያንኑ ጉብታ ላስቲኩን ሳይነካ ለማሳለፍ፣ ሾኩ የሚወስደውን ድርሻ ለጊዜው ብንተወው፣ ሞላው ሦስት እጥፍ መጠንከር ይኖርበታል። ማንም አጭር ሞላ ሦስት እጥፍ አይጠነክርም። ስለዚህ መኪናው መግቻ ላስቲኩ ላይ ቶሎ ቶሎ ያርፋል፤ ላስቲኩ ሲነካ ደግሞ በዚያ ማዕዘን ያለው ጥንካሬ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ይህ በቀጥታ መንገድ ላይ ምቾት ማጣት ብቻ ነው። በመታጠፊያ መሃል፣ ውጨኛው የፊት ጎማ ተጭኖ ሳለ ከተከሰተ ግን ያ ጎማ በድንገት መሬት የመያዝ አቅሙን ያጣና መኪናው ወደ ውጭ ይገፋል። ብዙ ሰው «ሞላው በጣም ደረቀብኝ» ብሎ የሚያማርረው፣ ሞላው ገና ሥራውን ሳይጀምር ላስቲኩ ላይ ተቀምጦ እየነዳ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። የሾኩን አቧራ መከላከያ ወደ ላይ ገልጦ በሚታየው የዘንጉ ክፍል ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በልኩ ጠበቅ አድርጎ ማሰርና እስከ ታች ገፍቶ መተው ነው። በተለመደው መንገድ ተነድቶ ሲታይ ማሰሪያው ሾኩ እስከ የት እንደተጨመቀ ያሳያል፤ ዕለት ዕለት ላስቲኩን እየነካ ከሆነ ከፍታው ልኩን አልፏል ማለት ነው። ለአጭር ሞላ የሚወጣው መመሪያ በአንዳንድ መኪኖች ላይ መግቻ ላስቲኩ እንዲቆረጥ የሚያዝዘውም ለዚሁ ነው። በስንፍና ሳይቆረጥ የሚገጠም ብዙ ነው፤ ምልክት ከተደረገበት አልፎ የሚቆርጥም አለ፤ እሱ ደግሞ ሾኩን ለብረት ግጭት ያጋልጠዋል።

ወደ ምርቶቹ እንምጣ። በአጭር ሞላ በኩል ስማቸው የተረጋገጠው ጀርመናውያኑ አይባክ እና ኤች ኤንድ አር ናቸው። የአይባክ ፕሮ ኪት ዝቅታው ልከኛ ሲሆን አጠቃላይ ጠባዩ ከፋብሪካው ጠባይ ብዙም የማይርቅ፣ ግን የተሰበሰበ ነው። ሞላዎቹ ፕሮግረሲቭ ናቸው፤ ማለትም ጥቅሎቹ በአንድ በኩል ተቀራርበው ስለተሠሩ መጀመሪያ ለስለስ ብለው እየተጨመቁ ሲሄዱ ይጠነክራሉ። በከተማ ውስጥ ይህ ጥሩ ነው። በመታጠፊያ ላይ ግን ሾኩ አንድ የተወሰነ ኃይል ብቻ ስላለው፣ እየተለዋወጠ ለሚሄድ ጥንካሬ እኩል ሊስማማ አይችልም፤ በፈጣን ተከታታይ መታጠፊያዎች ላይ መኪናው ጥቂት ካጋደለ በኋላ እንደገና ልኩን ሲፈልግ ይሰማል። እኔ ለጎዳና እቀበለዋለሁ። ለሜዳ ቀጥተኛውን ሞላ፣ ማለትም ጥንካሬው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የሆነውን፣ እመርጣለሁ።

ሞላ ብቻ ከመግዛት የተሻለው፣ በክርክሩ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛው መንገድ፣ አጭር ሞላን ለአጭር ሞላ ከተሠራ ሾክ ጋር መግጠም ነው። የቢልስታይን ቢ8 አካሉ አጠር ብሎ ዝቅ ለሚል መኪና የተዘጋጀ፣ ነጠላ ቱቦ ያለውና በጋዝ ግፊት የሚሠራ ሾክ ነው፤ ወንድሙ ቢ6 በፋብሪካው ከፍታ ለሚቀር መኪና ነው። ሁለቱን ማደናገር የተለመደ ስለሆነ ከመክፈል በፊት ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። ቢ12 የሚባለው ጥቅል ደግሞ ቢ8ን ከአይባክ ሞላ ጋር አንድ ላይ አድርጎ የሚሸጥ ነው፤ የሞላውና የሾኩ ልክ በፋብሪካ ተጣጥሞ ስለሚመጣ ገዢው የሚያስተካክለው ነገር የለም። ማስተካከያ አለመኖሩን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን፣ በሚገባ የተስተካከለ አንድ ልክ በግምት ከሚዞሩ ሠላሳ ልኮች ይበልጣል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ኮይሎቨር በሚለው ስም ሥር ደግሞ በጣም የተለያዩ ዕቃዎች ተሰብስበዋል። ኬ ደብሊው የሚባለው ጀርመናዊ አምራች ምርቱን በደረጃ ከፍሎታል፦ ቫሪያንት 1 ከፍታው ብቻ የሚስተካከል ሲሆን የሾኩ ኃይል በፋብሪካ የተወሰነ ነው፤ ቫሪያንት 2 ሾኩ ሲዘረጋ ያለውን ኃይል ለማስተካከል ይፈቅዳል፤ ቫሪያንት 3 ሲዘረጋም ሲጨመቅም ያለውን ለየብቻ ያስተካክላል። በቢልስታይን በኩል ቢ14 ከቫሪያንት 1 ጋር የሚነጻጸር ሲሆን፣ ቢ16 ሾኩን በአሥር ደረጃ ያስተካክላል። የስዊድኑ ኦህሊንስ ሮድ ኤንድ ትራክ አንድ ማስተካከያ ብቻ ይዞ፣ በስለታም ጉብታ ላይ ዘይቱን በፍጥነት የሚያሳልፍ ቫልቭ ስላለው ጠንካራ ሆኖ ሳለ የማይቆረቁር መሆኑ ነው ዝናው። ከዚህ ወረድ ሲል የጃፓኑ ቴይን ፍሌክስ ዜድ 16 ደረጃ፣ የታይዋኑ ቢሲ ሬሲንግ ቢአር ደግሞ 30 ደረጃ ማስተካከያ ይዘው በተሻለ ዋጋ ይቀርባሉ።

የደረጃው ብዛት ገዢን ማታለል የለበትም። በአብዛኞቹ ባለአንድ ቁልፍ ኮይሎቨሮች ቁልፉ ሲዞር የመጨመቂያውም የመዘርጊያውም ኃይል አብሮ ይቀያየራል፤ ስለዚህ መኪናው ከጉብታ በኋላ እንዳይንሳፈፍ ሲያጠነክሩት ጉብታውም በዚያው ይበልጥ ይሰማል። ልዩነቱ ደግሞ በደረጃዎቹ ላይ እኩል አልተከፋፈለም፤ በአንድ ጫፍ ያሉት ጥቂት ደረጃዎች ብዙ ሲለውጡ የቀሩት እምብዛም አይታወቁም። ለማስተካከል የሚበጀው ዘዴ ቁልፉን በቀስታ እስከ ጥብቁ ጫፍ ድረስ ማዞርና ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ መመለስ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ እኩል ቁጥር ላይ ማቆም ነው። ከላላው ጫፍ መቁጠር አይመከርም፤ የላላው ጫፍ ከሾክ ሾክ ይለያያልና።

ከፍታውን በተመለከተ ደግሞ ሁለት አሠራር አለ። በመጀመሪያው ሞላው የተቀመጠበት ቀለበት በክሩ ላይ ወደ ታች ሲወርድ መኪናው ዝቅ ይላል፤ ሾኩ ግን ከአጭር ሞላ ጋር እንደሚሆነው ሁሉ የመጨመቂያ ርቀቱን ያጣል። በሁለተኛው የሾኩ እግር ራሱ በክር ስለተሠራ፣ እግሩን ወደ አካሉ በማስገባት ሾኩ ርቀቱን ሳያጣ መኪናውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው በግልጽ ይሻላል፤ ሆኖም የሾኩ ርቀት ባይቀንስም በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ርቀት መቀነሱ አይቀርም፤ ይህን የረሳ ሰው ከሾኩ ይልቅ የጎማው ትከሻ ሲፋቅ ያገኘዋል። በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ማረም ይገባል፦ ቀጥተኛ ሞላ ላይ ቀለበቱን ማጥበቅ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። ለአንድ ሚሊሜትር 6 ኪሎግራም የሚጠይቅ ሞላ ቀለበቱ የትም ቢሆን 6 ኪሎግራም ይጠይቃል።

ሞላዎችን በቁጥር ብቻ ማወዳደርም ያሳስታል። በፊተኛው ስትራት ላይ ሞላው ከጎማው ጋር እኩል ለማለት በሚቻል መጠን ይንቀሳቀሳል፤ በኋላ በኩል ግን ሾኩ ከክንዱ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚታሰር ጎማው ብዙ ሲነሳ ሞላው ከዚያ ያነሰ ይጨመቃል። ጎማው 100 ሚሊሜትር ሲነሳ ሞላው 70 የሚጨመቅበት መኪና ላይ፣ 8 ኪሎግራም የተባለው ሞላ ጎማው ዘንድ ሲደርስ ወደ 3.9 ይወርዳል፤ የርቀቱ ንጽጽር ስኩዌር ሆኖ ስለሚባዛ። የኋላው ሞላ በወረቀት ላይ ከፊተኛው ጠንክሮ መታየቱ ስለዚህ አያስደንቅም።

በጣም ርካሽ ስለሆኑት ኮይሎቨሮች ያለኝ አስተያየት ጨከን ያለ ነው። ስማቸው እምብዛም የማይታወቅ አምራቾች ከጥሩ አጭር ሞላ ዋጋ ብዙም ሳይርቁ የሚሸጧቸው አሉ፤ ክሩ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ይላል። በአንዱ ላይ ያየሁት የግራው ሾክ ሲገፋ በቀላሉ የሚገባ፣ የቀኙ ግን በዚያው ቁጥር ላይ ሆኖ በግልጽ የሚያስቸግር ነበር፤ ይህ ሳጥኑ በተከፈተበት ዕለት በእጅ ብቻ ተገፍቶ የታየ ልዩነት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ከፋብሪካው ሾክ የባሰ ነው፤ ከፍታን ከማስተካከል ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም።

ጥሩ በሆኑትም ላይ ቢሆን የድምፅ ጉዳይ አለ። ለሜዳ ያዘነበሉ ኮይሎቨሮች ከላይ የሚታሰሩት በፋብሪካው ላስቲክ ሳይሆን በብረት ኳስ መጋጠሚያ ነው። መሪው ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፣ ካምበርም (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያጋድልበት ልክ) ከላይ ይስተካከላል፤ ነገር ግን የመንገዱ ድምፅ በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መጋጠሚያው ሲያረጅ ደግሞ በየትንሹ ጉድጓድ ላይ ኳ ኳ ማለት ይጀምራል። አጭር ሞላ የፋብሪካውን የላይ ላስቲክ መልሶ ስለሚጠቀም ከዚህ ነፃ ነው። ክሩም እንክብካቤ ይፈልጋል፦ ጭቃና በክረምት መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ቀለበቱን ከአካሉ ጋር ያጣብቀዋል፤ ኬ ደብሊው አካሉን ከማይዝግ ብረት መሥራቱ በእንዲህ ያለ መንገድ ለሚነዳ ሰው ከብዙ የማስተካከያ ደረጃ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

በሁለቱም አማራጮች ላይ ወሰን የሚያበጀው ጂኦሜትሪው ነው። በማክፈርሰን ስትራት ላይ የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ውጨኛው ጫፉ ወደ ላይ ሲያጋድል፣ አካሉ ወደ ጎን ሲያጋድል የሚዞርበት ነጥብ (ሮል ሴንተር) ከክብደት ማዕከሉ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው፦ መኪናው ዝቅ ብሎ ሳለ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ በጠንካራ ሞላ ካልተደገፈ ከቀድሞው ይበልጥ ያጋድላል። የመሪው ዘንግ አንግልም ስለሚዛባ ጎማዎቹ በጉብታ ላይ በራሳቸው ጥቂት ይዞራሉ። ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ያለው ዝቅታ ለዚህ መኪና ልኩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አጭር ሞላዎች በተፈጥሯቸው በዚያ አካባቢ ሲያቆሙ፣ ኮይሎቨር ግን ባለቤቱን ለፈተና ያቀርበዋል። ከዚያ በታች ለሚሄድ ሰው የኋላው ካምበር በፋብሪካው ክንድ ላይ ማስተካከያ ስለሌለው የሚስተካከል ክንድ መግዛት ይኖርበታል፤ ያ ወጪ በኮይሎቨሩ ዋጋ ላይ ሲደመር ብዙውን ጊዜ አይታሰብም።

በገጠማ ላይ የሚለፋው ልፋት ለሁለቱም አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ስትራቱ በሁለቱም መውጣት አለበት። ዛሬ ሞላ፣ ከዓመት በኋላ ሾክ የሚለው ዕቅድ እንግዲህ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ መክፈል ነው። አጭር ሞላ ሲገጠም የፋብሪካው ሞላ በማጨመቂያ መሣሪያ ተይዞ ስለሚፈታ፣ መሣሪያው ከተንሸራተተ ሰው እስከመግደል የሚደርስ ጉልበት በውስጡ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። የሾኩን የላይ ዳዶ ለማጥበቅ በአየር የሚሠራውን መፍቻ መጠቀምም ዘንጉን አብሮ ስለሚያሽከረክር የውስጡን ማኅተም ሊጎዳ ይችላል፤ በእጅ መፍቻ መሥራት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የማየው ነገር ግን የክንዶቹ ቡሎኖች የሚጠብቁበት ሰዓት ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ የክንዱ ላስቲክ ያን የተንጠለጠለ ቦታ እንደ ማረፊያው ይይዘዋል፤ መኪናው መሬት ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ ከፍታው በጥቂት ሚሊሜትር ይጨምራል፣ ላስቲኩም ጊዜው ሳይደርስ ይሰነጠቃል። ትክክለኛው አሠራር ቡሎኖቹን ላላ አድርጎ መተው፣ ክብደቱን በጎማዎቹ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ በልኩ ማጥበቅ ነው። ሜካኒኩ ይህን ሳይነገረው ካደረገ የተቀረውንም ሥራ በእምነት መስጠት ይቻላል። አዳዲስ ሞላዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ስለሚረግጡ አላይመንት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ወዲያው መሠራት ካለበት ደግሞ ቢያንስ ቶው (ጎማዎቹ ከፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞሩበት ልክ) ተስተካክሎ ኋላ እንደገና ይታይ። የፊት መብራቱም አቅጣጫ አብሮ ይታያል።

ኮይሎቨር ያለ ተቀናቃኝ የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የማዕዘን ክብደት ሚዛን ነው። መኪናው ሾፌሩ ተቀምጦበት በአራት ሚዛን ላይ ሲቆም የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ድምር ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ እንዲሆን በአራቱም ማዕዘን ቀለበቱን ጥቂት ጥቂት በማዞር ይስተካከላል። ያን ጊዜ መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ይታጠፋል፤ በብርቱ ፍሬን ጊዜም አንድ የፊት ጎማ ቀድሞ አይቆልፍም። አጭር ሞላ ይህን በምንም መንገድ አይሰጥም። ይሁን እንጂ ሚዛኑ ላይ መኪናውን የማያወጣ ባለቤት፣ ቀለበቶቹን በሜትር እየለካ አራቱን ፓራፋንጎ እኩል ካደረገ፣ ዓይኑን አስደስቶ የማዕዘን ክብደቱን አዛብቶት ሊሆን ይችላል፤ ለማይጠቀምበት ማስተካከያም ከፍሏል።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ እንደ አነዳዱ ይከፈላል። መኪናው አዲስ፣ ሾኩም ጤነኛ ከሆነና ዓላማው ለዕለት ጉዞ የተሰበሰበ መልክና ጠባይ ከሆነ፣ ከታወቀ አምራች የመጣ ልከኛ አጭር ሞላ ይበቃዋል። ሾኩ ካረጀ ሞላ ብቻ መግዛት የለበትም፤ ቢ12ን የመሰለ የተጣጣመ ጥቅል ይግዛ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እንደ ገንዘቡ ዋጋ የሚሰጥ አንድ ምርት ምረጥ ብባል የምመርጠውም ይህን ነው፤ ከመለስተኛ ኮይሎቨር ዋጋ ብዙም አይርቅም፣ ለጎዳና ግን ይበልጠዋል። ሜዳ የሚወጣ፣ ሚዛን የሚጠቀም፣ ማስተካከያውን እየመዘገበ የሚሠራ ሰው ኮይሎቨር ይገባዋል፤ እሱም ቢያንስ ከቢ14 ወይም ከቫሪያንት 1 ደረጃ ቢጀምር፣ አቅሙ ከፈቀደ ኦህሊንሱን ወይም ቫሪያንት 3ን ቢይዝ ይሻለዋል። ለማንኛቸውም ሰዎች ግን ከሁሉ አስቀድሞ ጎማውን እንዲያዩ እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው 86 በብዙ ገበያ የወጣው ለነዳጅ ቁጠባና ለምቾት በሚያደላው ሚሼሊን ፕራይመሲ ኤችፒ 215/45 አር17 ጎማ ነበር፤ በዚያ ጎማ ላይ ውድ ኮይሎቨር መግጠም ብዙውን ገንዘብ ያለ ሥራ ማስቀመጥ ነው።

ያገለገለ ኮይሎቨር በርካሽ ላገኘ ሰው ደግሞ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ዘንጉ ነው፦ በጥፍር ሲዳሰስ ጭረት ወይም የዝገት ነጥብ ካለው ማኅተሙን እየበላው ነው። ቀጥሎ የአካሉ የታችኛው ክፍል ዘይት የቋጠረ አቧራ ይዟል ወይ፣ ቀለበቶቹ በእጅ መፍቻ ይንቀሳቀሳሉ ወይ፣ የላይኛው ኳስ መጋጠሚያ ሲወዘወዝ ክፍተት አለው ወይ የሚለው ይታያል። ተፈትተው የሚታደሱ ከሆኑ የእድሳቱ ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። እንደ ፍሌክስ ዜድ ታሽገው የተሠሩ ከሆኑ ግን የሚታደስ ነገር ስለሌላቸው፣ ዘይት የጀመረ ሾክ በአዲስ ሾክ ዋጋ መታሰብ አለበት።